ከምጽዋ እስከ አሰብ፣ ዘጠኝ ጠጠር

ሻምበል ደመላሽ ጀላሉን ማን እንደገደለው የግቢውን ሰው ሁሉ ጠየቀ። ለማኙን ሳይቀር ጠየቀ። እኔን ብቻ ዘሎኝ አለፈ። «አሮጊት ናት፣ ፊደል አልቆጠረችም፤ ደግሞም የእስረኛው እናት ናት» አለ፣ ጆሮ የሌለኝ ይመስል። ፊደል አለመቁጠሬ እውነት ነው። ግን ምጽዋ ወደብ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የጀልባ ሸራ ሰፍቻለሁ። ስንት ጀልባ ወጥቶ ስንቱ እንዳልተመለሰ ቆጥሬአለሁ።

መቀሌ ያለን የወሎ ሰዎች አገራችን ልንገባ ነበር። የአላማጣው መንገድ በሽፍታ ስለተዘጋ በባሕር ልንዞር ተማከርን፤ ምጽዋ ወርደን፣ በሸራ ጀልባ ዳር ዳሩን ይዘን እስከ አሰብ፣ ከአሰብ በጭነት መኪና ደሴ። በአንድ ግቢ ያረፍን አርባ አንድ ነፍስ ነን፤ አሥራ አራቱ ሕፃናት ናቸው። በደህና እንዲያደርሰን የጀልባ አዛዡን ጀላሉን ከምጽዋ አስመጣነው። እሱም እንደኔው ፊደል አያውቅም። ባሕሩን ምንጣፍ ላይ በጠጠር ያስቀምጥ ነበር፤ ጠጠሩ የሌሊት ማደሪያ፣ ባቄላው የመጠጥ ውሃ የሚሞላበት።

ዓርብ፣ ሰው ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ፣ ጀላሉ ራሱ ከኋላ ተፈርክሶ በበሩ ደፍ ላይ ሞቶ ተገኘ። ቀድሞ ያገኘው ልጄ ሳሊህ ነው። በሕይወት ያለ መስሎት ታቀፈው፤ ሸሚዙ በደም ራሰ። ለሻምበሉ ይኸው በቃው። ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ሊጭነው ነው። በነፍስ ተከሶ ወደዚያ ከተጫነ ሰው ሲመለስ ያየሁት የለም። ሳሊህ ደግሞ የቀረኝ አንድ እሱ ነው።

እሑድ ጧት የሟቹን ክፍል ገፍቼ ገባሁ።

«አደይ፣ አይቻልም!» አለ ዘበኛው፣ በትግርኛ እናቴ ብሎ።

«እናትህ ብትሆንስ?» አልኩት። ከበሩ ዞር አለ።

ምንጣፉ ላይ ዘጠኝ ጠጠር ተደርድሯል፤ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ እኩል እኩል። በየጠጠሩ ጎን አንድ አንድ ባቄላ አለ። ለደፉ የሚቀርበውን ጠጠር ባነሳው ከሥሩ የደረቀ የደም ጠብታ አየሁ። መልሼ ከደንኩትና ወጣሁ።

ከግቢው ወንዶች ጁምዓ ያልሄዱት ሁለት ነበሩ። የግቢውን ጸሐፊ ታመነን ደጁ ላይ አገኘሁት።

«ዓርብ የት ነበርክ?»

«ቢሮ፣ እናቴ።»

«ማን አየህ?»

«ጸሐፊን ማን ያያል? ወረቀቱን ነው የሚያዩት።»

ቀጥሎ ሲራራ ነጋዴውን አብዱልወሃብን። በቅሎዎቹን እየጫነ ሃያ ዓመት አገር ያቋረጠ ሰው ነው። ዓይኑ ከእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ጀላሉን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ከጁምዓ በፊት፣ እማማ። ደህና ነበር። ‹ሐሙስ እንነሳ፣ ንፋሱ ከኋላችን ነው› አለኝ። የሟች ቃል ነውና ሐሙስ መነሳት አለብን። ረዳቱ ምጽዋ ጀልባውን ይዞ ይጠብቀናል።»

«በዚህ በጥር?»

«በጥር።»

ቀጥታ ወደ ሻምበሉ ሄድኩ። «ሰዎቹን ሰብስብልኝ፤ ልጄንም አምጣው» አልኩት።

«እማማ፣ ምርመራው አልቋል።»

«ካለቀ ምን ያስፈራሃል?»

የጀላሉ ክፍል ውስጥ ሰበሰባቸው። መጀመሪያ ሻምበሉን አጎንብሶ የጠጠሮቹን አቀማመጥ በደንብ እንዲያይ አደረግኩት። ከጠጠሩ ሥር ያለውን ደምም አሳየሁት። ከዚያ ሁሉንም አፍሼ ለአብዱልወሃብ ሰጠሁት።

«ከምጽዋ አሰብ አስቀምጥልኝ።»

ሳይጨነቅ ደረደራቸው፤ እኩል እኩል፣ በየጠጠሩ አንድ ባቄላ። «ጀላሉ ያስቀመጠው እንዲህ ነው» አለ።

ታመነ ተራው ሲደርስ «ወረቀት የለም?» ብሎ ሰው አሳቀ፤ ዘጠኙንም ጠጠር አንድ ላይ ከምሮ ተወው። ሳሊህ በታሰረ እጁ ሦስቱን አቀራርቦ ከምጽዋ አጠገብ አኖረ። ራቅ አድርጎ ሁለት፣ እጅግ ራቅ አድርጎ አንድ። የቀሩትን አሰብ ደጃፍ ላይ። ባቄላውን በሙሉ ምጽዋ ላይ ከመረው።

«ልጄ ጀልባ ላይ አድጓል» አልኩ። «በቅሎ ሲደክማት ታድራለች፤ የቀን መንገዷ እኩል ነው፤ ማታ ማታ ምንጭ ታገኛለች። ጀልባ የሚያድረው ደሴት ከንፋስ በሚጋርደው ቦታ ብቻ ነው። ያ ቅርብም ይሆናል፣ ሩቅም ይሆናል። በዚያ ዳርቻ ውሃ የለም፤ ከምጽዋ ጭነህ ትሄዳለህ። ሻምበል፣ ጠጠሩ ከደሙ በላይ ነበር። ጀላሉ ከሞተ በኋላ ነው የተደረደረው፤ የደረደረውም ባሕርን እንደ ሲራራ መንገድ የሚያስብ ሰው ነው። በጥር ደግሞ ንፋሱ ከአሰብ በኩል ፊት ለፊት ይመታል። ሕፃን የጫነ ጀልባ ይዞ በዚያ የሚወጣ አዛዥ የለም። ‹ከኋላችን ነው› የሚለው ቃል ከጀላሉ አፍ አልወጣም።»

አብዱልወሃብ መሬት ተቀመጠ።

«ልጄ ሁሪያ ደሴ ታማ ተኝታለች» አለ። «እግሩ ላይ ወደቅኩ። ‹ሰኔ፣ ከሰኔ በፊት አይሆንም› አለኝ። ወላሂ፣ ልገድለው አልነበረም! ገፋሁት፤ ደፉ መታው። ጠጠሩ ተበተነ። መንገዱን ጨርሶ ያቀደ እንዲመስልና ጉዞው እንዳይቀር መልሼ ደረደርኩት።»

«አርባ አንድ ሰው ባሕር ልትከት?»

«ልጄ ሰኔን አትደርስም፣ እማማ።»

  ዘበኛው ክንዱን ይዞ አነሳው።

ሻምበሉ ወደ እኔ ዞረ። «ለበላይ እጽፋለሁ። መልስ እስኪመጣ ልጅዎ እስር ቤት ይቆያል።»

«ጻፍ። መጻፉን የምታውቀው አንተ ነህ። መጀመሪያ ግን ተነስ። ዘበኛ አትላክ፤ ያሰርከው አንተ ነህ። ይህን ገመድ በገዛ እጅህ ፍታ፣ አሁን፣ እኔ እያየሁህ።»