ሰሙ የወጣለት ገለባ

ኦቦ ደቻሳ በምሳ ሰዓት ወንበራቸው ላይ እንዳሸለቡ ሞተው ተገኙ። አምቦ ዳር ባለች ቤተ ሙከራ ውስጥ የስንዴ ገለባን በክሎሮፎርም እያፈሉ ሰሙን የሚያወጡ ተመራማሪ ነበሩ። የክሎሮፎርሙን እንፋሎት አቀዝቅዞ የሚመልሰው የቧንቧ ውሃ ነው፤ እንፋሎቱ ካመለጠ ሰውን አደንዝዞ ይገድላል። አሁን ግን የውሃው ቱቦ ወልቆ ተንጠልጥሏል፤ መስኮቱም ተዘግቷል።

ቱቦውን የምታስረው ረዳታቸው ሃዊ ስለሆነች የፖሊስ መኪና በር ላይ ይጠብቃት ነበር። እናቷ ጌጤነሽ መቀመጥ አቅቷታል። ወደ ልጇ እየተመለሰች «አስረሽዋል አይደል?» ትላለች።

ሃዊ ለኢንስፔክተር ሙሉወርቅ የተናገረችው አጭር ነው፤ ቱቦውን በብስክሌት ጎማ ቁራጭ አጥብቃ ካሰረች በኋላ በስድስት ሰዓት ወጣች። መስኮቱ ያኔ ክፍት ነበር። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ሶረቲም ይህንኑ አየሁ አለች፤ ከዚያ እስከ ስምንት ሰዓት ሁለቱ አብረው ምሳ ላይ ነበሩ።

ሬሳውን ያገኘው የሟቹ ባልደረባ ሂርጳ ነው። «ስገባ ውሃው ወለሉ ላይ ይፈስ ነበር» አለ። «ቧንቧውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ግን ዝንጉ ናት።»

ሙሉወርቅ ቧንቧው ሥር ጎንበስ አለች። የተፈጨ ገለባ ተበትኗል። እፍ ስትለው ቦነነ። ሃዊን ብትጠይቃት ጠዋት ከማፍያው ስታወጣው የፈሰሰባት ነው አለች።

ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ኦቦ ሂርጳ፣ ወለሉ ላይ ያለው ገለባ ደረቅ ነው።»

ሂርጳ ፈገግ አለ። «ገለባ እኮ ሰም አለው፤ ውሃ አይቀበልም። ይህን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል።»

ኢንስፔክተሯ ከጆንያው አዲስ ገለባ ዘግና ውሃ ጠብ አደረገችበት። ጠብታው እንደ ዶቃ ተንከባለለ። ከወለሉ ባፈሰችው ላይ ስትደግመው ግን ወዲያው ሰረገና ገለባው ቦካ።

«ይኼኛው ሰሙ ወጥቶለታል» አለች። «ውሃ ቢፈስበት ኖሮ ይቦካ ነበር እንጂ አይቦንም ነበር። ስለዚህ ውሃ አልፈሰሰም። ቱቦው ከመውለቁ በፊት ቧንቧውን የዘጋ ሰው አለ፤ መስኮቱንም የዘጋው እሱ ነው። ሃዊና ሶረቲ አብረው ነበሩ። ፈሰሰ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ከሟቹ መሳቢያ ያገኘችውን የምርመራ ውጤት አሳየችው። ሂርጳ ከገለባ አወጣሁት ብሎ ያቀረበው ናሙና የገለባ ሰም ብቻ አልነበረም፤ ሻማ ቀልጦ ተጨምሮበታል።

ሂርጳ ወረቀቱን አልነካውም። «አንድ ሳምንት ስጠኝ ብዬው ነበር» አለ። «ውጤቱን ነገ ለኃላፊዎች እልከዋለሁ አለኝ።»

መኪናው እሱን ይዞ ሄደ። ጌጤነሽ የልጇን እጅ ያዘች።

«ሃዊኮ፣ የኔ ልጅ፣ እኔም ማሰሩን ረስተሽው ይሆናል ብዬ ነበር።»

ሃዊ እጇን አስለቅቃ ወደ ቤት ሊወስዳቸው በር ላይ የቆመው ባጃጅ ውስጥ ቀድማ ገባች። እናቷ ውጭ ቆማ ቀረች። ሃዊ ጥቂት ቆይታ ወደ ጥግ ተጠጋችና ቦታ ለቀቀችላት።