ባዶው የኪኒን ካርቶን

«ካርቶኑን ብቻ! ኪኒኑን ስጪኝ አላልኩሽም እኮ፤ ባዶውን ካርቶን!»

መቅደስ በእረፍት ሰዓት፣ ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ አጠገብ፣ የሐመልማልን የሹራብ እጅጌ ጨምድዳ ይዛለች። ሐመልማል ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። መልስ ሲቸግራት ሁሌም እንደዚያ ታደርጋለች።

«ምን ያደርግልሻል?»

«አባዬ ፎቶውን ዱባይ ላለው ሰውዬው ይልክለታል። ኪኒኑ ሐሙስ እዚህ ነው። አንቺን ያዳነሽን ራሱን ለእማዬ እናመጣላታለን፣ አለቀ!»

«ለእሷ አይሆንም እኮ፣ መቂ። የኔ ኪኒን የሚሠራው...» ቃሉ ጠፋባት። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ቃላት እንዲህ መንገድ ላይ ጥለዋት ይሄዳሉ።

«የሚሠራው ምን? ሁለታችሁም ያመማችሁ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ያው በሽታ፣ ያው መድኃኒት።» መቅደስ እጅጌዋን ለቀቀች። «ገባኝ። ብቻሽን ተአምር ሆነሽ መቅረት ነው የምትፈልጊው። ሌላ ሰው ከዳነ ማን ዞር ብሎ ያይሻል?»

ትምህርት ቤት ውስጥ «ተአምር» ይሏታል። ግማሹ ከልቡ ነው፤ ግማሹ ደግሞ እግሯን ስትጎትት እያየ ለመሳቅ። ከመቅደስ አፍ ግን ሰምታው አታውቅም ነበር። በጣም አመማት።

«ለነገሩ የእማዬ የሰኞው የጨረር ሕክምናም ቀርቷል» አለች መቅደስ መንገድ ከጀመረች በኋላ ዞር ብላ። «ኪኒኑ ከመጣ ጭንቅላቷን ምን አስጠበሳት ብሏል አባዬ። ያንቺን አይቶ ነው።»

ያንቺን ያለችው ከሐመልማል ግራ ጆሮ በላይ ያለውን፣ መዳፍ የሚያህል ፀጉር የማይበቅልበትን ቦታ ነው። ሻርፑም የሚታሰረው ለእሱ ነው።

ሐመልማል ስትታመም የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ሐኪሞቹ ለእናቷ «ዓመት ከቆየች ትልቅ ነገር ነው» ብለው ነበር፤ አሁን አሥራ አምስት ሞልቷታል። ሰፈሩ የሚያወራው ይህንን ብቻ ነው። ጭንቅላቷ መከፈቱን፣ የጨረሩን ሳምንታት፣ ከዕጢው የተቆረጠው ቁራጭ ውጭ አገር ተልኮ መመርመሩን የሚያነሣ የለም። ሐኪሟ ዶክተር ብሥራት ውጤቱን ስትነግራት «ያንቺ ዕጢ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚገኝ ለውጥ አለበት፤ ይህ ኪኒን የሚያጠቃው ያንን ለውጥ ነው» ብላታለች። «በልክሽ እንደተሰፋ ቀሚስ ቁጠሪው። ሌላ ሰው ቢለብሰው አይሆነውም።» እስከ መቼ እንደሚሠራ ግን ዶክተሯም አታውቅም። ኤምአርአይ በተነሣች ቁጥር ሐመልማል ውጤቱ እስኪመጣ ምግብ አይወርድላትም። ይህን ለመቅደስ እንኳን ነግራት አታውቅም።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ከተሸካሚና ከጋሪ እየሸሸች ወደ ሰባተኛ፣ ወደ ገበያው ወረደች። የመቅደስ አባት ጋሽ አስናቀው እዚያ የወፍጮ መለዋወጫ ይሸጣሉ። ደንበኛ ያለቀ ኩሽኔታውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከገጠር ድረስ ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው ናሙናውን አገላብጠው አይተው፣ ፎቶ አንሥተው ይልካሉ፤ ብዙ ሳይቆይ አምሳያው ይመጣል። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ስለሠሩ በናሙና የማይገኝ ነገር ያለ አይመስላቸውም።

ሚስታቸው እትዬ ሠርኬ የሱቁ ጥግ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ቤት ብቻቸውን ከተተዉ ይወድቃሉ። የበሽታውን ስም ማንም አልነገራቸውም፤ ቤተሰቡ «ትንሽ እብጠት ናት» ለማለት ተስማምቷል። ታማሚን ማስደንገጥ ነውር ነዋ።

«አመጣሽልኝ፣ የኔ ልጅ?» ጋሽ አስናቀው እጃቸውን ዘረጉ።

ሐመልማል ቦርሳዋን አልከፈተችም። «ጋሼ፣ የእትዬ ዕጢ ተመርምሮ ነበር? ቁራጩ?»

ወደ ሚስታቸው አዩና ወደ በሩ ሳቧት። «ተመርምሯል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያ ያንቺ ነገር እሷ ጋ የለም አለችኝ ዶክተሯ። ለእሷ የሚሆናት ጨረርና ሌላ ኪኒን ነው አለች። እሱም ቢሆን ጊዜ ይሰጣታል እንጂ...» አልጨረሱትም።

«ታዲያ የኔን ምን ያደርጉላታል? ቁጥሩ ያልገጠመ ኩሽኔታ ለሰው ይሰጣሉ?»

መድፈሯ የታወቃት ከአፏ ካወጣችው በኋላ ነው። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«ሌላ ከጠፋ እሰጣለሁ» አሉ። «በመዶሻ መትተን እናስገባዋለን። አንዳንዴ ይዞራል።»

«ካልዞረስ?»

«ወፍጮውን ይበላዋል።» እጃቸው እንደተዘረጋ ነው። «ስጪኝ። ልለምንሽ?»

ካርቶኑ ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ነበር። ብትሰጣቸው ይመርቋታል፤ መቅደስም ነገ እንደ ድሮው ክንዷን ይዛት ትሄዳለች። እትዬ ሠርኬ ሲሞቱም ማንም እሷን አይወቅስም። ይህን በማሰቧ ራሷን ጠላች።

«አስናቀው፣ ልጅቷን ተዋት» አሉ እትዬ ሠርኬ ከጥጉ። «ነይ እስቲ ወዲህ፣ ሐመል። ሻርፑን አውልቂው።»

መቅደስ ዳቦ ይዛ የገባችው ሐመልማል ሻርፑን ስትፈታ ነው። እትዬ ሠርኬ ራቁቱን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት። ሐመልማል ማንም እንዲነካው ፈቅዳ አታውቅም።

«ጨረሩ ነው?»

«አዎ።»

«ያማል?»

«ሲሰጥ አያምም። በኋላ ያስመልሳል፤ አቅም ያሳጣል። ፀጉርም ይሄዳል።»

«እኔስ በዚያ በኪኒንሽ እንዳንቺ እድናለሁ? እነሱን ተያቸው፣ እብጠት እያሉ ያጫውቱኛል። አንቺ ንገሪኝ።»

ሐመልማል ቃሉ እንዲጠፋባት ተመኘች። የውሃና የወንበር ስም ሳይቀር ለሚጠፋባት ልጅ፣ ዛሬ ቃሉ ሳትፈልገው ከች አለላት።

«አይድኑም፣ እትዬ» አለች። «በኔ ኪኒን አይድኑም። በጨረሩም ጊዜ ነው የሚያገኙት።»

ዳቦው ወለሉ ላይ ወደቀ። «ውጪልን! ማን ጠየቀሽ?» መቅደስ በሁለት እጇ ገፈተረቻት። ደካማ እግሯ አልያዛትምና ሐመልማል የኩሽኔታ ሳጥኖቹ ላይ ወደቀች። ያነሣት የለም። ጋሽ አስናቀው ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው ያለቅሱ ነበር።

«ጨረሩ ሰኞ ስንት ሰዓት ነበር?» ብለው ጠየቁ እትዬ ሠርኬ።

መቅደስ ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሣችም። አንድ መልእክት ብቻ ላከች፦ «ሰኞ ለጨረሩ ልንሄድ ነው። እንዳላይሽ። እማዬ ካንቺ በኋላ እህል አልቀመሰችም። ደስ ይበልሽ።» ሐመልማል ይቅርታ ብላ መጻፍ ጀመረችና አጠፋችው። በምኑ ይቅርታ እንደምትጠይቅ አላወቀችም።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ላዳ ታክሲ ቆሞ ነበር። ጋሽ አስናቀው ከፊት፣ እትዬ ሠርኬና መቅደስ ከኋላ ተቀምጠዋል። መቅደስ ሐመልማልን ስታያት የጀርባ ቦርሳዋን ከአጠገቧ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጠች።

ሐመልማል መኪናው አጠገብ ቆመች። ሻርፗን ፈትታ አጣጠፈችና ኪሷ ከተተችው። ጋሪ የሚገፋ ሰው መንገዱን ትቶ አፍጥጦ አያት። እሷ ግን በሩን ከፍታ፣ የመቅደስን ቦርሳ አንሥታ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። መቅደስ ፊቷን ወደ እናቷ አዞረች።

እትዬ ሠርኬ ሰላም አላሏትም። ሻርፕ የሌለውን ራሷን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ልጃቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ቦታ አሰፉላት።

«በሩን ዝጊው» አሉ። «ብርድ ይገባል።»