የአትጠገብ ድንኳን

ስንሻው ከምሳ በኋላ የቅሬውን ቤት ቁልፍ ከጋሽ እንድሪስ ይቀበላል፣ የቆርቆሮውን በር በትከሻው ገፋ አድርጎ ይከፍታል፣ ከዚያም በአንዲቷ መስኮት ሥር ተቀምጦ የሰፈሩን መዝገብ በአዲስ ደብተር ይገለብጣል። ደሴ ላይ እድርን ቅሬ ይሉታል። ሰፈሩ ለመንገድ ሊፈርስ ስለሆነ፣ የአርባ ዓመት ታሪክ ከፍርስራሹ ጋር እንዳይጠረግ ብሎ ሥራውን የለመነው ራሱ ነው። ቤቱ እርጥብ ሸራና የሻገተ ወረቀት ይሸታል። ጥግ ላይ ድንኳኑ ከነካስማው ተጠቅልሎ ተጋድሟል፤ ከበላዩ ሚስማር ላይ ጡሩምባው ተንጠልጥሏል።

«አንድ ፊደል እንዳትጨምር፣ አንድ እንዳትቀንስ፤ ሙታኑ ይታዘቡሃል» ይሉታል ጋሽ እንድሪስ፣ ያንን ጡሩምባ ሠላሳ ዓመት ሲነፉ የኖሩት ሽማግሌ። ብለው ራሳቸው ይስቃሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰው ሲሞት ጡሩምባ የተነፋበት ቀን ይጻፋል፤ ከሥሩ ለሦስት ቀን ለቅሶ መቀመጥ ያለበት ሰው ሁሉ ስም፣ ከስሙ አጠገብ «አለ» ወይም «የለም»።

በሁለተኛው ሳምንት እናቱ ገጽ ላይ ደረሰ። ወይዘሮ አትጠገብ። ሦስቱንም ቀን ሰፈሩ ሁሉ አለ። መጨረሻው መስመር ላይ፣ በጸሐፊው በሞላ ጎባጣ እጅ ጽሑፍ፣ «ልጇ ስንሻው፦ የለም።» ኮምቦልቻ ነበር፣ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ፤ ከእሷ ጋር ተኳርፈው ስለነበር ስልኩ ሲጮህ እያየ አላነሳውም። ሲመጣ ድንኳኑ ተነቅሎ ሣሩ ላይ የካስማ ጉድጓድ ብቻ ቀርቶ ነበር። ያኔ እንባ እምቢ አለው። ይኸው ስድስት ዓመት፣ እምቢ እንዳለ ነው።

ገጹን ሲገልጠው «አራተኛ ቀን» ይላል። ቀጥሎ አምስተኛ።

«ጋሼ፣ የእማዬ ለቅሶ ስንት ቀን ተቀመጣችሁ?»

«ሦስት ነዋ! ድንኳኑን በዚህ እጄ ነቀልኩት። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

«አብሽር የኔ ጌታ። እሷ እንደሆነች ቂም አታውቅም።»

መዝገቡ ግን ሦስት ላይ አልቆመም። መቶኛ ቀን። አምስት መቶኛ ቀን። ቢገልጥ ቢገልጥ በቀኝ እጁ ያለው ወረቀት አልሳሳ አለው። በነዚህ ቀናት መጀመሪያ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ቀስ በቀስ ሁለት፣ አምስት፣ ሃያ ሆኑ። ስሞቹን ከሌሎቹ ገጾች ጋር ሲያስተያይ አንድ ነገር አየ፤ እያንዳንዱ ሰው እናቱ ዘንድ «አለ» የተባለው ለራሱ ጡሩምባ ከተነፋለት ቀን ጀምሮ ነበር። ጸሐፊው ሞላ ራሱ ከተቀበረ አራት ዓመት አልፎታል፤ ጎባጣው እጅ ጽሑፍ ግን አልተለወጠም። በየገጹ ግርጌም ያችው መስመር አለች፦ «ልጇ ስንሻው፦ የለም። እናቱ ትንሽ እንጠብቀው ብላለች።»

ሐሙስ ዕለት የመጨረሻውን ገጽ በጣቱ ሲነካው ያልደረቀ ቀለም ተለቀለቀበት። ቀኑ የዚያኑ ዕለት ነው። ዞር ብሎ ድንኳኑን አየው፤ ሸራው ውኃ ያንጠባጥባል፣ ካስማዎቹ ላይ ትኩስ ጭቃና ያልጠወለገ ሣር ተለጥፏል።

ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቷን ሲሸፍናት ቤቱ በቀን ጨለመ። ከኋላው ገመድ ሲወጠር፣ አግዳሚ ወንበር መሬት ሲፍቅ፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ፤ ከዚያ እናቱ አንገቷ ሥር የምትሸጉጣት የአሪቲ ሽታ መጣች። አልዞረም። ሞላ ስም ይጠራል፣ ዝቅ ያሉ ድምፆች ተራ በተራ ይመልሳሉ። ከዚያ ዝም ተባለ። ዝምታው ሲረዝምበት፣ የተጠራው የእሱ ስም መሆኑ ገባው።

የጋሽ እንድሪስ ትእዛዝ ትዝ አለው። ቢሆንም ብዕሩን አንስቶ «የለም» የሚለውን ሰረዘና ከጎኑ «አለ» ብሎ ጻፈ፤ የስድስት ዓመት እንባው ባንዴ ግንፍል ብሎ መጣ። ልጅ ሆኖ ትኩሳት ሲይዘው እንደነበረው፣ ቀዝቃዛ መዳፍ ማጅራቱ ላይ ቀስ ብሎ ዐረፈ።

«መጣሁ እማዬ» አለ።

እንባውን ጠርጎ ቀና ሲል ጡሩምባው ሚስማሩ ላይ አልነበረም፤ ከውጭ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ጋሽ እንድሪስ ድምፃቸው እየተቆራረጠ የአትጠገብን ልጅ ሞት ለሰፈሩ ያረዱ ነበር።