በቆመ ሰው የተለካ ሞገድ

ይህን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። በዓይኔ ያላየሁትን አልጽፍም ብዬ የማልኩ ሰው ነኝ። የደረሰብኝም ነገር የመጣው ከዚያው መሐላ ነው።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ኅዳር ወር። ሰዓቱ ንጋት ላይ፣ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ።

ቦታው ዲካባይ፣ ውቅያኖሱን ፊት ለፊት የሚያየው የእኛ አሸዋማ ዳርቻ።

ስሜ ሉዋልሃቲ ይባላል። ማኒላ የባሕርና የአየር ጠባይ ተምሬ፣ ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ወደ መንደሬ የተመለስኩት ለአንድ ዓላማ ነበር፦ በተሳሳተ ትንበያ ምክንያት በዚህ ዳርቻ ማንም እንዳይሰጥም።

ከእኔ በፊት ማንግ ካርዮ የሚባሉ አዛውንት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የየዕለቱን የባሕር ሁኔታ በዳርቻው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፉ ነበር። ጉልበታቸው ሲደክም ጠመኔውን ለእኔ ሰጡኝ።

በዲካባይ የሞገድ ቁመት በሜትር አይጻፍም። በሰው አካል ነው የሚለካው። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት፣ አንገት... ከራስ በላይ። ሕፃን እንኳ ያነበዋል።

ማንግ ካርዮ ጠመኔውን ሲያስረክቡኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስጠነቀቁኝ።

«ልጄ፣ ሞገድ በሚጋልብ ሰው ለኪ። በቆመ ሰው እንዳትለኪ።»

«ለምን?»

«አትለኪ አልኩሽ እኮ! እዚያ ዲግሪሽ ላይ ‹ለምን› የሚል ማኅተም ነው እንዴ የመቱልሽ?»

ሳቅሁ። የቆመ ሰው እግሩ ጥልቅ ቦታ ላይ ሊሆን ስለሚችል ልኬቱን ያዛባል ማለታቸው መሰለኝ። ምክንያቱን ያገኘሁት ስለመሰለኝም ምክሩን ችላ አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት ባሕሩ ውስጥ አንድ ሰው ቆሞ አየሁ። ውኃው ሥር ባለው በሩቁ የአሸዋ ጉብታ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ሞገዱ አንገቱ ድረስ ደረሰ። «አንገት» ብዬ ጻፍኩ።

ዓርብም እዚያው ነበር። ሞገዱ ደረቱ ጋ ደረሰ። «ደረት» ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ... ወገቡ ጋ።

ባሕር ላይ የሚንሳፈፈው መለኪያ ግን ተቃራኒውን ይናገር ነበር። ሞገዱ በየቀኑ እየጨመረ መሆኑን፣ ቅዳሜ ሁለት ሜትር ተኩል መድረሱን ስልኬ ላይ አነበብኩ። መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ። ዓይኔ እያየ እንዴት ማሽን ልመን?

«ወገብ። ለጀማሪዎች ምቹ።» ብዬ ጻፍኩ።

ታናሽ እህቴ አሚሃን ከኋላዬ መጥታ አነበበችው። ሞገድ መጋለብ ታስተምራለች። የመንደሩን ትምህርት ቤት ስድስት ልጃገረዶች አስከትላ ነበር።

«ፕሮፌሰር፣ እርግጠኛ ነሽ? ትናንት ማታ ባሕሩ ሲያጓራ ነበር እኮ።»

«ያጓራው ሆድሽ ነው። በዓይኔ ነው የለካሁት።»

«እሺ አቴ፣» አለች፣ ታላቅ እህቴ ማለቷ ነው፤ «ልጆቹን አደራ ብያለሁ። ቃልሽ ነው!»

«ቃሌ ነው» አልኳት።

ይህን ቃል አስታውሱልኝ።

ወደ ውኃው የሚገባ ሁሉ ነጠላ ጫማውን ከሰሌዳው ሥር በረድፍ ያስቀምጣል። ሲወጣ ያነሣል። የቀረ ጫማ ካለ፣ ባሕሩ ውስጥ የቀረ ሰው አለ ማለት ነው። ይህን ሥርዓት እንግዳ እንኳ አይጥስም፤ የዳርቻው ሻጭም፣ ዓሣ አጥማጁም ያስገድዱታል።

ሞገድ በቡድን ነው የሚመጣው። አምስት ስድስት ሆኖ ይመጣና ባሕሩ ጸጥ ይላል። ያን ጠዋት በሁለት ቡድኖች መካከል ያለው ጸጥታ አሥራ ሁለት ደቂቃ እንደሆነ በሰዓቴ ይዤ ነበር።

ልጆቹ የገቡት ጸጥታው በጀመረ በአራተኛው ደቂቃ ነው። ውኃው እንደ ኩሬ ረግቶ ነበር። ሲንሳፈፉ አያለሁ፣ ሲንጫጩ ይሰማኛል።

ማስታወሻዬን አውጥቼ ጫማዎቹን ቆጠርኩ።

ሰባት ጥንድ።

ስድስቱ የልጆቹ፣ አንዱ የአሚሃን።

ቀና ብዬ ጭንቅላት ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት... ሰባት።

እና የቆመው ሰው። ስምንት።

እንደገና ጎንበስ አልኩ። ሰባት ጥንድ።

ሐሙስ ዕለት ከሰሌዳው ሥር ስንት ጫማ ነበር? ለማስታወስ ሞከርኩ... አንድም አልነበረም። ዓርብም አንድም አልነበረም።

ሰዓቴን አየሁ።

ሰባተኛው ደቂቃ።

አሚሃን በመጋለቢያ ጣውላዋ ላይ ተኝታ፣ እየቀዘፈች ወደ ሩቁ ጉብታ ሄደች። ልጆቹን የምትጠብቅበት ቦታ ነው። ተቀመጠች። የቆመው ሰው ከእሷ ባሻገር ነበር፤ በጣም ባሻገር። ጉብታው ላይ አልነበረም። ጉብታውን ያለፈ፣ መልሕቅ የማይደርስበት ጥልቁ ውኃ ላይ ነበር።

ከእሷ እንዲያ ርቆም... ከእሷ ይገዝፋል።

እህቴ ከፊቱ እንደ ወፍ ታየችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ወገቡ ድረስ የደረሰው ሞገድ የሰው ወገብ የሚያህል አልነበረም።

ስምንተኛው ደቂቃ።

ፊሽካዬን ሦስት ጊዜ ነፋሁ። ሦስት ማለት «ሁላችሁም ውጡ» ነው። አሚሃን ዞር ብላ እጇን አወዛወዘች። የቀለድኩ መስሏታል!

ልብሴን እንደለበስኩ ገባሁ። ትንሿ ልጅ፣ ሊንጋ፣ መጋለቢያዋን ከእግሯ ጋር የሚያስረውን ገመድ መፍታት አቅቷት ነበር።

«ተይው! ከነገመዱ ውጪ!»

«አቴ ሉዋ፣ አሁን እኮ ነው የገባነው...»

«ውጪ አልኩሽ!»

አሚሃን ድምፄን ሰምታ ደነገጠች። ሁለት ልጆችን ከፊቷ እየገፋች መቅዘፍ ጀመረች። አንዷን ጎተትኩ፣ ሌላዋን ገፋሁ። የውኃው መጠን ከወገቤ ወደ ጉልበቴ፣ ከጉልበቴ ወደ ቁርጭምጭሚቴ ወረደ። ባሕሩ ወደ ኋላ እየተሳበ ነበር።

አሸዋው ላይ ወደቅን።

«ቁጠሪ!» አልኳት።

«ስድስት... ስድስቱም አሉ።»

አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ።

የመጀመሪያው ሞገድ ጉብታው ላይ ሲነሣ ከአባታችን ቤት ጣሪያ ይበልጥ ነበር። ልጆቹ ሲንጫጩበት በነበረው ቦታ ላይ ተከሰከሰ፤ መሬቱ ከሥራችን ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው...

እያንዳንዱ ሞገድ መጀመሪያ በእሱ በኩል ያልፋል። ወገቡን ብቻ ያርሰዋል። አልተነቃነቀም።

አሚሃን ክንዴን ያዘች። ጥፍሯ ገባ።

«አቴ...» አለች በሹክሹክታ። «እሱ ለምን አይወጣም?»

«አትመልከቺው።»

«ሐሙስም ነበረ?»

«ዝም በይ።»

ልጆቹ ጫማቸውን አነሡ። ሰባት ጥንድ፣ ሰባት ሰው። ወደ መንደሩ ሄድን።

ማንግ ካርዮ በራቸው ላይ ተቀምጠው ዳቦ ቡና ውስጥ እያጠቀሱ ይበሉ ነበር። ፊቴን ሲያዩ ዳቦውን አስቀመጡት።

«በቆመ ሰው ለካሽ።»

 አንገቴን ደፋሁ።

«ስንት ቀን?»

«ሦስት።»

«ምን ብለሽ ጻፍሽ? በተራ ንገሪኝ።»

«አንገት። ደረት። ወገብ።» «ሞገዱ እየቀነሰ መስሎኝ ነበር፣ ማንግ ካርዮ።»



«ሞገዱ አልቀነሰም፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ውኃው ነው የጎደለበት... ወደ ዳር ሲመጣ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዞሮ አይቶሻል?»

«አላየኝም። ጀርባውን ነው የሰጠኝ።»

«ጀርባው መሆኑን በምን አወቅሽ?»

መልስ ፈለግሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ያየሁትን አንድ በአንድ አስታወስኩ። ፊት አላየሁም... ጀርባም አላየሁም። ፊት ስላጣሁ ብቻ ነበር ጀርባ ነው ያልኩት።

«ሰሌዳውን አጥፊው» አሉኝ። «ምንም እንዳትጽፊ። ማንም እንዳይለካው፤ በተለካ ቁጥር ይቀርባል።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሰሌዳውን በጨው ውኃ አጠብኩት። ጠመኔውን ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። ቤት ለቤት ዞሬ «ነገ ማንም አይግባ» አልኩ። አጥፍቻለሁ፣ የጻፍኩት ስህተት ነበር አልኩ። ከዚያ በፊት ይህን ቃል በሕይወቴ ተናግሬው አላውቅም።

እሑድ ንጋት ላይ፣ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ፣ ብቻዬን ወረድኩ። ማንም አለመግባቱን ማረጋገጥ ነበረብኝ።

ከሰሌዳው ሥር አንድም ጫማ አልነበረም። ተነፈስኩ።

ከዚያ ቀና አልኩ።

ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ነበር። ቀኑ ትክክል ነው። የነፋሱ አቅጣጫ ትክክል ነው። በቡድኖቹ መካከል ያለው ጸጥታ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ። «ደ»ን ስጽፍ እንደማጋድላት አጋድሏታል። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነበር።

ቁልፉን ዳሰስኩ። አንገቴ ላይ ነው።

በሞገዱ ቁመት ትይዩ አንዲት ቃል ብቻ ሰፍራለች። ፊደሎቿ ገና እርጥብ ነበሩ፤ ውኃ እያንጠባጠቡ።

«ቁርጭምጭሚት።»

በዝግታ ወደ ባሕሩ ዞርኩ።

ውኃው ውስጥ ማንም አልቆመም ነበር።