የፓፓያዋ ቤት ሰሌዳ

ታሂር ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግዶ ሰሌዳ ልጻፍ ብሎ እንደወጣ በዚያው ቀረ። ሚስቱ ኡሙሰልማ ቆቦ አስፋልት ዳር ያለውን ጁስ ቤቷን ልትከፍት ስትመጣ፣ አዲሱ ሰሌዳ ሥር አናቱ ተፈንክቶ፣ ብሩሽ እንደጨበጠ ተዘርሮ አገኘችው። መሰላሉ አጠገቡ ወድቋል፤ አንዱ እርከን ተሰብሯል።

መሰላሉ የእሷ ነበር። አርጅቷል፤ እሷም ሰሌዳው ቶሎ ይለቅ ብላ ስትወተውተው ሰንብታለች። አገሩ ወዲያው ፈረደባት። አማቷ እማ ሀሊሜ «ልጄን በበሰበሰ እንጨት ላይ ሰቅላ ገደለችው» ብለው ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ፊታቸውን አዞሩባት። ኡሙሰልማም እውነት መሰላት፤ እህል አልወርድ አላት። ያልራቃት የባሏ የሥራ ሸሪክ፣ ሰሌዳ ጸሐፊው ጋሹ ብቻ ነበር። እንግዳ ይቀበላል፣ ውሃ ያዞራል፣ «አይዞሽ እትዬ፣ የአላህ ፍርድ ነው» ይላታል። በዚያ ሰሞን እንደ እናት ልጅ አየችው።

መርማሪ አበበች አስከሬኑ ሳይነሳ ደርሳ ጣቶቹን አንድ በአንድ አይታ ሄዳ ነበር። በማግስቱ ተመልሳ አስፋልቱን ተሻገረችና ሰሌዳውን ከማዶ ሆና አየችው። ከዚያ ኡሙሰልማን አስጠራች።

«ባልሽ ሰሌዳ አጻጻፉ እንዴት ነበር?»

«ባጃጅ ላይ ያለ ሰው ሳይቆም የማያነበው ሰሌዳ ግድግዳ ማቆሸሽ ነው ይላል። አንድ ቃል፣ አንድ ሥዕል፣ በቃ። ለኔ በፊተኛው ሰሌዳዬ ላይ ግማሽ ፓፓያ ሣለልኝ። ፊደል ያልቆጠረው ገበያተኛ ሳይቀር ‹ፓፓያዋ ቤት እንገናኝ› ይባባላል።»

«ቀለሙስ?»

«ቢጫ በሰማያዊ ላይ። ቀይን አይነካም። የቆቦ ፀሐይ በአንድ በጋ ትበላዋለች ይላል።»

«እስቲ ቀና በይ።»

ኡሙሰልማ ባሏን ካገኘችበት ሰዓት ወዲህ ወደዚያ ማየት አቅቷት ነበር። ቀና አለች። ታሂር ቀደም ብሎ በቀባው ሰማያዊ መደብ ላይ ጁስ፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ ለስላሳ፣ የስልክ ካርድ፣ ሁሉም በቀይ ታጭቋል፤ ዙሪያውን አበባ ዞሮበታል። «ይሄን እሱ አልጻፈውም» አለች።

ቀጥሎ ጎረቤቷ ባለሱቁ ይርጋ ተጠየቀ። ከታሂር ጋር በሰሌዳ የተነሳ መኮራረፋቸውን ከተማው ያውቃል።

«የምሸጠውን ሁሉ ጻፍልኝ ብዬ ብጠይቀው ‹ሁሉን የሚል ሰሌዳ ምንም አይልም› ብሎ ሰው ፊት አሳፈረኝ። ከኩርፊያ ግን አላለፈም። ደግሞም እኔ ብሩሽ አያያዙንም አላውቀው።»

«መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«በሞቱ ዋዜማ። ከዋጃ ከተማ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ‹ጋሹን አይተኸዋል?› አለኝ።»

ጋሹ መልሱን በመሐላ ጀመረ። «ያን ጠዋት ሮቢት ከተማ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከታሂር ጋር ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ጉድ የሠራን ያ መሰላል ነው።»

«ዋጃስ ሠርተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ እኔ እቴ።»

በሦስተኛው ቀን አበበች ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ለቀስተኛው ሁሉ ነበር፤ ይርጋ ከዳር፣ ጋሹ የውሃ ማሰሮ ይዞ መሃል።

«ታሂር ከመሰላል አልወደቀም» አለች። «ሰሌዳው በቀይ ተሞልቶ፣ የጨበጠው ብሩሽም ቀይ ነክቶት፣ ጣቶቹ ላይ አንድ የቀይ ጠብታ የለም። ጽሑፉ የተጻፈው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። የመሰላሉ እርከንም በድንጋይ ተመትቶ ነው የተሰበረው፤ የድንጋዩ ምልክት እንጨቱ ላይ አለ።»

«ታዲያ ማን ጻፈው?» አሉ እማ ሀሊሜ።

«ይርጋ የታጨቀ ሰሌዳ ይወዳል፤ ግን ይሄ ብሩሽ የለመደ እጅ ነው። በቀይ እየጻፈ አበባ የሚያዞር ማን እንደሆነ ቆቦ ያውቃል።» ወደ ጋሹ ዞረች። «ዋጃ አንድ ጁስ ቤት ሄጄ ነበር። ግድግዳው ላይ የታሂር ፓፓያ አለ። ባለቤቱ ‹የራሴ ፈጠራ ነው ብሎ የሸጠልኝ ጋሹ ነው፤ አንድ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ማን ሣለልህ ሲለኝም ነገርኩት› አለኝ። ያ ሰው ታሂር ነው። ሮቢት ያሠራህ ሰው ደግሞ የደረስከው ረፋድ ላይ ነው ይላል። ሲሠራ ወድቆ ሞተ ለማስባል ሰሌዳውን ሞላህለት፤ በድንጋጤ ግን እጅህ የለመደውን ጻፈ።»

ጋሹ ማሰሮውን መሬት አስቀመጠ። «አንድ ቀን እንኳ ሥራዬን ደህና ነው ብሎኝ አያውቅም» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ጠዋት ደግሞ ሌባ አለኝ። ገፋሁት፤ አናቱ ድንጋይ ላይ አረፈ።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ኡሙሰልማ ከሐዘንተኛው መሃል ተነሳች።

«መሰላሉ በስብሷል ብለህ ለእማ ሀሊሜ የነገርካቸው አንተ ነህ?»

ጋሹ አቀረቀረ።

«እሱን በቁጣ ገደልከው እንበል። እኔን ግን አስበህ፣ ተረጋግተህ ነው የገደልከኝ፤ ከእጄ እየጎረስክ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። እማ ሀሊሜ እያነከሱ መጥተው «ልጄ» አሏትና አጠገቧ ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ። ኡሙሰልማ ከምንጣፉ ላይ ፈቀቅ አላለችላቸውም።