ያልቀረበው ሻይ

እሁድ ከሰዓት በኋላ የሀዝሚ ዘመዶች ዙራይዳን ሊያጩለት መጥተው፣ ጫማቸውን በረንዳው ላይ አውልቀው ሳሎኑን ሞልተውታል። ዙራይዳ ግን ጓዳ ውስጥ የሻዩን ትሪ ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ተገትራ ቀርታለች። በአገሩ ወግ ልጅቷ ትሪውን ራሷ ይዛ ወጥታ ለሽማግሌዎቹ ከቀዳች ወዳለች ማለት ነው። ካልወጣች አልፈለገችም፤ ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም።

«አንቺ ልጅ፣ ውጪ እንጂ!» አለች እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ!»

«አልችልም፣ እማ።»

«አትወጂውም እንዴ?»

«እንዴት አልወደውም! እሱን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም።»

«ታዲያ ምን ነካሽ?»

መናገር የማትችለው ይህንኑ ነበር።

ዙራይዳ ኳላ ላምፑር ባለ አንድ አክሲዮን አሻሻጭ ድርጅት ውስጥ ተንታኝ ናት፤ አየር መንገዶችንና አውሮፕላን አምራቾችን ታጠናለች። አምና አንድ ቀን ኢንታን አየር መንገድ ስንት አውሮፕላን ያለ ሥራ እንዳቆመ በዓይኗ ልታይ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር ቆማ ስትቆጥር፣ ለበረራ ምግብ የሚያመላልስ መኪና አጠገቧ ቆመ።

«እህት፣ ልትገዢ ነው?» አላት ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

«ዋጋ እያማረጥኩ ነው።»

«ጥግ ላይ ያለችውን ጠይቂ። ሞተር ስለሌላት ቅናሽ ያደርጉልሻል።»

ከልቧ ሳቀች። ሹፌሩ ሀዝሚ ነበር፤ ስትስቅ አያት፤ ከዚያ ወዲያማ ዓይኑን መንቀል አቃተው።

ጣጣው ያለው አባቱ ጋ ነው። ፓክ ማዝላን፣ «አባባ ማዝላን» እንደማለት ነው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለኢንታን ሻንጣ ሲጭኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጥሪታቸውን ሁሉ የኢንታን አክሲዮን ላይ አፍስሰውታል። ዙራይዳን ባገኟት ቁጥር «እህሳ ልጄ፣ ልጨምር ወይስ ልሽጥ?» ይሏታል። እሷም የሙያዋ ሕግ እንዲህ ያለ ምክር ስለማይፈቅድላት እየሳቀች «ፓክ፣ ይልቅ ያንን ዓሣ ያቀብሉኝ» ትላቸዋለች። ሽማግሌው ግን ፊቷን ያነባሉ። «ከሳቀች ደህና ነው» ይሉታል ልጃቸውን።

አርብ ዕለት ጥናቷን ጨረሰች። አምራቹ ኩባንያ ቃል የገባቸውን አዳዲስ አውሮፕላኖች በጊዜው አያደርስም፤ ኢንታን ደግሞ ነዳጅ በሚጨርሱ አሮጌ የኪራይ አውሮፕላኖች እየበረረ ኪሳራ ይከምራል። መደምደሚያዋ አንድ ቃል ነው፤ ሽጡ። ጥናቱ የሚወጣው ረቡዕ ነው። እስከዚያ ለአንድ ሰው ትንፍሽ ብትል ወህኒ ያስወርዳታል።

ሀዝሚን ለምናው ነበር። «በሚቀጥለው ሳምንት ይሁን፣ በናትህ።»

«ለምን?»

«አትጠይቀኝ።»

«አባዬ አክስቶቼን ሁሉ ከፔናንግ አስመጥተው? ቀልደኛ ነሽ!»

አሁን የፓክ ማዝላን ድምፅ በመጋረጃው አልፎ ይሰማታል። «ሻዬን ስትቀዳልኝ እጠይቃታለሁ፤ ነገ ጠዋት ልጨምር አስቤያለሁ።» ሳሎኑ በሳቅ ሞላ። ከሳቀች ሽማግሌውን ገደል ትከታቸዋለች። ካልሳቀች ነገረቻቸው ማለት ነው። ትሪውን አነሳችው፤ ስኒዎቹ ተንቀጫቀጩ፤ መልሳ አስቀመጠችው።

ቆይቶ ሰዉ መነሳት ጀመረ። ሀዝሚ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ «ዙራይዳ?» አላት።

ቀና ብላ አላየችውም። ቀና ብትል ሁሉንም ትዘረግፍለት ነበር። ጥቂት ቆሞ መጋረጃውን ለቀቀው፤ ከዚያ ጫማውን ሲያደርግ ሰማችው።

ረቡዕ ጥናቱ ወጣ፤ የኢንታን አክሲዮንም ተንኮታኮተ። የሰኞውን ጉድ የሰማችው ግን ቅዳሜ፣ አባትና ልጅ ሳይጠበቁ በሯን ሲያንኳኩ ነው። ፓክ ማዝላን ሰኞ ጠዋት «ልጅቷ ባትፈልገን ኢንታን ይፈልገናል!» ብለው የሠርጉን ድግስ ገንዘብ ሳይቀር አክሲዮን ገዝተውበት ነበር።

«እኔ እኮ እንዳላሳስትዎት ብዬ ነው የተደበቅኩት!» አለች ዙራይዳ፤ እንባዋ መጣ።

«ረቡዕ ዜናውን ስሰማ ገባኝ» አለ ሀዝሚ። «መጋረጃው ሥር ቆሜ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ብትወጪ ኖሮ እጠይቅሽ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ፓክ።»

«ምን ትይኝ ነበር?»

«ምንም። ወደፊትም ምንም አልልዎትም። ምራትዎ ብሆንም፣ ቢለምኑኝም።»

ሀዝሚ ዓይኑን ከአባቱ ወደ እሷ አመላለሰ።

«ለሠርጉ ልትታረድ የነበረችው ጎሽ እንኳ በርራለች» አሉ በመጨረሻ፤ «በእልህ ያበረርኳት እኔው ነኝ። በዶሮ ትዳራላችሁ።» ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመቻቹ። «በይ እንግዲህ፣ ያንን ሻይ አምጪው።»

አመጣችው፤ መጀመሪያ ለእሳቸው ቀዳች። እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፤ አልደበቀችውም። ፓክ ማዝላን ግን ፊቷን አላዩም። ዓይናቸውን ስኒው ላይ ተክለው ጠጡ።