ለባህሩ የተጠራው ደቦ

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ከዓባይ በረሃ የሚነሣው ደረቅ ነፋስ የመካነ ሰላምን የቆርቆሮ ጣሪያዎች ሲያንኳኳ፤ ጦርነቱ ከበረደ ወራት ብቻ አልፈው፣ የመንግሥት ካዝናም እንደ በጋ ምንጭ ሲነጥፍ፤ ባህሩ የተባለ የእጅ ፓምፕ ጠጋኝ ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ የብሎን መፍቻዎቹን በዘይት ይወለውል ነበር። ዝገው አይደለም፤ ሌላ ሥራ ስለሌለው ነው።

ቀድሞ ፓምፕ የሚጠግነው ደመወዝተኛ ነበረ፤ ካዝናው ሲሳሳ ግን ሥራው በውል ለግለሰብ ተሰጠ፤ ባህሩም ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት እንደ ደጃዝማችነት ሹመት እጅ ነስቶ ተቀብሎ የሰባት መንደር ፓምፖች የበላይ ጠባቂ ሆነ። የውሉ ቃል አጭር ነው፤ ዕቃው ከጠጋኙ፤ የተሰበረ ሲጠገን ይከፈላል፤ ካልተሰበረ ምንም። የባህሩ እጅ ደግሞ የተረገመ ነው፤ አንዴ የነካው ፓምፕ አይሰበርም። በወግዲ በኩል ያለውማ ሰው ሳይነካው ራሱ እየቀዳ አህዮች ያጠጣል ብለው የሚምሉ ነበሩ፤ አንዲት አህያም ለምስክርነት ቀርባለች ይባላል።

ከመስከረም ወዲህ አንድም ፓምፕ አልተሰበረም። ሚስቱ ሀናን ፓስፖርቷን አውጥታ ለሪያድ ደላላ ሰጥታለች።

«እስከ ረመዳን ልጠብቅህ» አለችው። «እስከዚያ እጅህ ካበላን እቀራለሁ። ካላበላን ወላሂ እሄዳለሁ፤ የሰው ቤት ማጠብ አያስፈራኝም፤ የባዶ ድስት ክዳን ማንሳት ነው የሰለቸኝ።»

«አንዱ ይሰበራል፣ ኢንሻአላህ።»

«ወይ አንተ! ሰው ውሃ እንዲያጣ ዱአ ይደረጋል?» ብላ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም።

ይህን ነገር ጎረቤታቸው፣ የመንደሩ ሽማግሌ አባ አበጋዝ፣ በአጥር ወዲያ ሲያልፉ ሰሙ። በዚያ አገር የተቸገረ ሰው በብር አይረዳም፤ ብሩ ከየት ይመጣል! ደቦ ይጠራለታል፤ ጎጆው ይቆማል፣ አዝመራው ይታጨዳል። አባ አበጋዝም ሐሳባቸውን በዱአ መካከል አቀረቡ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም «አሚን» ብሎ ተነሣ። እርሳቸው ያሰቡት በየወሩ አንዳንድ ፓምፕ እንዲሰበር ነበር፤ ነገር ግን ደቦ ከተጠራ ወዲያ ማን ይቀራል? የቀረ መንደር በምን ዐይኑ ጎረቤቱን ያያል? እናም የሰባቱ መንደር ሰው ምሳሩንና ድንጋዩን ይዞ በአንድ ጠዋት ወጣ።

ረፋዱ ላይ አባ አበጋዝ ከድል እንደተመለሰ ፊታውራሪ የፓምፕ እጀታ በትከሻቸው አጋድመው ከባህሩ ደጅ ደረሱ።

«አብሽር ባህሩ ልጄ! ሥራ አመጣንልህ።»

«ምን አደረጋችሁ፣ አባ አበጋዝ?»

«ሰበርነዋ! እማማ የትምወርቅ እንኳ በዚያ ወገባቸው ሁለት ጊዜ በድንጋይ ብለውታል።»

ባህሩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተቋረጠ። «ሌሎቹ መንደሮችስ?»

«ሁሉም! ደቦ አይደለም እንዴ?»

«ያረቢ! አባ አበጋዝ፣ እቤቴ ያለው ዕቃ ለአንዱ ነው የሚበቃው። ሌላውን በምን ልግዛው?»

ሽማግሌው እጀታውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት።

አንዱን ጠግኖ ሳይጨርስ አቶ እንዳልካቸው የተባሉ የመንግሥት ተቆጣጣሪ በመኪና ደረሱ፤ ስድስቱን ደረቅ ፓምፖች ዞረው አይተው መጥተዋል።

«ይህ ሁሉ በአንድ ቀን! እርስዎ የሚጠግኑት በምንድን ነው፣ በጭቃ?»

አባ አበጋዝ ጉሮሯቸውን ጠርገው ብድግ አሉ። ባህሩ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዞ አስቀመጣቸው፤ እውነቱ ቢወጣ የሕዝብ ንብረት በማውደም መንደሩ ሁሉ ሊታሰር ነው፤ እማማ የትምወርቅም በዚያ ወገባቸው።

«የእኔ እጅ ነው፣ ጌታዬ» አለ። «ጥፋቱ የእጄ ነው።»

ውሉ ያን ዕለት ፈረሰ፤ ሥራውም ለሌላ ሰው ተሰጠ። አዲሱ ተዋዋይ ከደሴ ይመጣል ተባለ፤ እመጣለሁ እያለ ክረምት ገባ፤ በክረምቱም ሌላ ጦርነት ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋ።

ሀናን ግን ከዚያ ቀድማ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል ሄደች። ባህሩ ሻንጣዋን ከመኪናው ጣሪያ ላይ ሲያስር ከታች ሆና ታየው ነበር።

«ስለ ደቦው ሰምቻለሁ» አለችው። «አንዱ ቢሰበር ይበቃን ነበር።»

ዛሬ የዚያ አገር ሴቶች ቢጫ ጀሪካናቸውን አዝለው ወንዝ ይወርዳሉ። ታሪክ ትልቁን ጦርነት ይዞ ትንሹን ይጥላል፤ ከዚህ ከትንሹም ያስታወሰው ባህሩ የሚባል እጀ ሰባራ ጠጋኝ እንደነበረ ብቻ ነው፤ አዳዲስ ልጆችም በስሙ ይቀልዳሉ። እውነቱን የሚያውቁት ሽማግሌዎች አያርሟቸውም። የፓምፑ እጀታ ግን የአባ አበጋዝ በር መቀርቀሪያ ሆኖ ቀርቷል፤ ማታ ማታ በሩን ሲዘጉበት፣ ከጎረቤት ቤት፣ አንድ ሰው ብቻውን ድስት ሲከድን ይሰማቸዋል።